በጨለማ የሚያበራው ዱቄት ብርሃኑን ከየት ያመጣዋል?

የሳይንስ ዓምድ፤ ከሳንጃ

መብራት ሲጠፋ ብቻውን አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ ዕቃ ያላየ ሰው ዛሬ ጥቂት ነው። የአንዳንድ የእጅ ሰዓቶች ቍጥርና ዘንግ እንዲህ ያበራል፤ በሕፃናት መኝታ ቤት ጣራ ላይ የሚለጠፉት የፕላስቲክ ከዋክብት ያበራሉ፤ በትልልቅ ሕንፃዎች ደረጃ ላይ የመውጫውን በር የሚያመለክቱ ሰሌዳዎችም የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ ያበራሉ። ሽቦ የላቸውም፤ ባትሪ የላቸውም፤ ነዳጅም አይጨመርባቸውም። እንግዲህ ይህ ብርሃን ከየት ይመጣል? ሰው በቤቱ ሊሠራው ይችላልን? ከተሠራስ ስንት ሰዓት ይቈያል?

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እዚህ ሳንጃ የማስተምራቸው ልጆች ደጋግመው ስለሚያነሷቸው የዚህን ሳምንት ዓምድ ለእነርሱ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄያቸው የጨዋታ አይደለም። መብራት በጠፋ ሌሊት፣ ነገ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ የኵራዝ ጢስ ከሚውጥ ይልቅ በዚህ ዱቄት ብርሃን ቢያነብ ምን አለበት የሚል ሐሳብ አለበት። አንዱማ ከዚህ አልፎ፣ «የእንቁላል ቅርፊትና ድኝ ቀላቅዬ በከሰል እሳት ባቃጥል ይሆንልኛል ወይ?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ብልህነት ያለበት፣ አደጋም ያለበት ጥያቄ ነውና እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

ጫማ ሰፊው ያገኘው ድንጋይ

ነገሩ የተጀመረው በጣሊያን አገር፣ በቦሎኛ ከተማ ነው። በ1603 ገደማ ቪንቼንሶ ካሻሮሎ የሚባል ጫማ ሰፊ ነበረ። እንጀራው ጫማ መስፋት ይሁን እንጂ ልቡ ተራውን ብረት ወደ ወርቅ ለመለወጥ በሚደረገው ምርምር ላይ ነበረ። ከከተማው አጠገብ ካለው ከፓዴርኖ ተራራ ክብደቱ ያስገረመውን ድንጋይ አነሣና፣ እንዲህ የከበደ ድንጋይ ውድ ነገር ሳይዝ አይቀርም ብሎ ከከሰል ጋር አቃጠለው። ወርቅ አላገኘም። ነገር ግን ያ ድንጋይ ቀን ብርሃን ካየ በኋላ በጨለማ ውስጥ እንደ ፍም ቀልቶ ታየው።

ወሬው በአውሮጳ ሊቃውንት ዘንድ ተዳረሰ። አንዳንዶቹ ድንጋዩን «የፀሐይ ሰፍነግ» አሉት፤ ሰፍነግ ውሃ እንደሚመጥ ሁሉ ይህም የፀሐይን ብርሃን መጥጦ ሌሊት ይተፋዋል ማለታቸው ነበር። ጋሊሊዮም ድንጋዩን ካዩትና ከተነጋገሩበት ሰዎች አንዱ ነው። ጀርመናዊው ባለቅኔ ጎተ በ1786 በጣሊያን ሲጓዝ ፓዴርኖ ድረስ ሄዶ ከዚያው ድንጋይ ለቅሟል። ዛሬ እንደምናውቀው ድንጋዩ ባራይት የሚባል ማዕድን ነው። ባሪየም፣ ድኝና ኦክስጅን ይዟል። ከሰሉ ሲግል ኦክስጅኑን ነጥቆ ይወስድና ባሪየም ሰልፋይድ የተባለው ይቀራል። ጨለማ ውስጥ ቀልቶ የታየው ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ በ1768 ጆን ካንተን የተባለ፣ በለንደን ከተማ የትምህርት ቤት መምህር የነበረ ሰው፣ የባሕር ዛጎልን አቃጥሎና ፈጭቶ ከድኝ ጋር እንደ ገና በብርቱ እሳት በማጋል ሌላ የሚያበራ ዱቄት ሠራ። ልብ በሉ፤ የባሕር ዛጎልና የእንቁላል ቅርፊት በአብዛኛው አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው። ስለዚህ ተማሪዬ የጠየቀኝ ከ250 ዓመት በፊት የተሞከረ፣ በመጠኑም የተሳካ ነገር ነው። ድኙም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በአፋር ምድር፣ በዳሎል፣ ቢጫ ሆኖ በገሃድ ይታያል።

ታዲያ ለምን አንዱ ሲሞክር ያበራል፣ ሌላው በዚያው እሳት፣ በዚያው ቅርፊት ሲሞክር ግን አመድ ብቻ ይቀርለታል? ይህ እንቆቅልሽ መቶ ዓመት ያህል ሰዎችን አደከመ። ፍቺው የተገኘው ፊሊፕ ሌናርድና ቪርጂል ክላት በ1889 ባሳተሙት ጥናት ነው። እነርሱ እንዳሳዩት ንጹሕ ካልሲየም ሰልፋይድ ይህን ያህል አያበራም። እንዲያበራ የሚያደርገው በውስጡ በጣም በትንሹ የገባ ባዕድ ብረት ነው፤ መዳብ ወይም ቢስሙት ወይም ማንጋኒዝ። ከሺህ እጅ አንድ እጅ የማይሞላ ባዕድ ነገር የዱቄቱን ጠባይ ሁሉ ይለውጠዋል። የጥንት ሞካሪዎች ያንን ባዕድ ሳያውቁት፣ በድንጋዩ ወይም በዕቃቸው ውስጥ በዕድል ያገኙት ነበር። ዕድል ያልቀናው ሰው ግን ስሕተቱን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም።

ጎተራ ነው እንጂ እርሻ አይደለም

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ፤ ብርሃኑ ከየት ይመጣል?

ገበሬ በመኸር ያስገባውን እህል ጎተራ ውስጥ አኑሮ በክረምት ያወጣዋል። ጎተራው እህል አያበቅልም፤ የተሰጠውን ጠብቆ ይመልሳል እንጂ። የሚያበራው ዱቄትም እንዲሁ ነው። ቀን ወይም መብራት ሥር ሳለ የተቀበለውን ብርሃን ያስቀምጣል፤ ሲጨልም ይመልሳል። ያልተቀበለውን አይሰጥም፤ ከተቀበለውም ሁሉንም አይመልስም፤ ከፊሉ በሙቀት መልክ ይባክናል። ስለዚህ ለሳምንት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የቈየ የፕላስቲክ ኮከብ በጨለማ ቢወጣ ምንም አያበራም። አልተበላሸም፤ ጎተራው ባዶ ሆኖ ነው።

ነገሩ በውስጥ እንዴት እንደሚከናወን ለፊዚክስ ተማሪዎች በአጭሩ ልንገራችሁ። ብርሃን በዱቄቱ ቅንጣት ላይ ሲያርፍ ከባዕዱ አቶም አንድ ኤሌክትሮን ከቦታው ይነሣል። ይህ ኤሌክትሮን ወዲያው ወደ ቦታው ቢመለስ ብርሃኑ ወዲያው ይሰጥና ይጠፋል፤ ይህ ፍሉረሰንስ ይባላል። ብር በሐምራዊ መብራት ሥር ሲመረመር የሚያበሩት ክሮች የዚህ ዓይነት ናቸው፤ መብራቱ ሲነሣ እነርሱም ይጠፋሉ። ነገር ግን በቅንጣቱ ውስጥ አንዳንድ ጉድጓድ መሳይ ቦታዎች አሉ፤ ሊቃውንት ወጥመድ ይሏቸዋል። የተነሣው ኤሌክትሮን ወጥመድ ውስጥ ከወደቀ በራሱ ሊወጣ አይችልም። የአካባቢው ሙቀት እየነቀነቀ፣ አንዱን ዛሬ፣ አንዱን ቈይቶ ያወጣዋል። ወጥቶ ወደ ቦታው ሲመለስ ብርሃን ይሰጣል። ይህ ዘግይቶ የሚወጣ ብርሃን ፎስፎረሰንስ ይባላል።

እንግዲህ የዱቄቱ ዕድሜ የተንጠለጠለው በወጥመዱ ጥልቀት ላይ ነው። ወጥመዱ ጥልቀት ከሌለው ኤሌክትሮኖቹ በደቂቃ ውስጥ ሁሉም ይወጣሉ፤ ዱቄቱ ለአፍታ ደምቆ ይጠፋል። ወጥመዱ እጅግ ከጠለቀ ደግሞ በክፍል ሙቀት የሚወጣ የለም፤ ብርሃኑ ታስሮ ይቀራል። ረጅም ጊዜ የሚቈይ ዱቄት መሥራት ማለት በመካከል ያለውን፣ የሚስማማውን ጥልቀት ማግኘት ማለት ነው።

ከጃፓን የመጣው መልስ

ለብዙ ዘመን በዓለም ገበያ የታወቀው የሚያበራ ዱቄት ዚንክ ሰልፋይድ ነበረ። ፈረንሳዊው ቴዎዶር ሲዶ በ1866 ያስታወቀው ሲሆን፣ በኋላ ጥቂት መዳብ እየተጨመረበት ለአሻንጉሊትና ለሰሌዳ ዋለ። ጉድለቱ ቶሎ መድከሙ ነው።

ኔሞቶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለሰዓት የሚሆን የሚያበራ ቀለም ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን የሰዓት ቀለም ሌሊቱን ሙሉ እንዲያበራ ራዲዮአክቲቭ ነገር ይገባበት ስለ ነበረ፣ ሕዝብም ይህን እየፈራና እየጠላ ስለ መጣ፣ የኩባንያው ተመራማሪዎች ያለ ራዲዮአክቲቭ እስከ ንጋት የሚቈይ ዱቄት መፈለግ ጀመሩ። በ1993 ያገኙት ስትሮንቲየም አሉሚኔት ሲሆን፣ በውስጡ ጥቂት ዩሮፒየምና ጥቂት ዲስፕሮሲየም ገብቶበታል። ዩሮፒየሙ ብርሃኑን የሚሰጠው ነው፤ ዲስፕሮሲየሙ የሚስማማውን ወጥመድ የሚያበዛው ነው። በ1996 ሥራቸውን በኬሚስቶች መጽሔት አሳተሙ። ዱቄቱ ከድሮው ዚንክ ሰልፋይድ በድምቀትም በቈይታም ከ10 እጥፍ በላይ በልጦ ተገኘ። ዛሬ በሱቅ የምናገኘው፣ በደንብ የሚያበራው አረንጓዴ ዕቃ ሁሉ በአብዛኛው ከዚህ የተሠራ ነው።

በቤት የሚሞክሩት ሰዎች ምን ገጠማቸው?

ይህ ከታወቀ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር፣ እንጀራቸው ሌላ ሆኖ በትርፍ ጊዜያቸው ኬሚስትሪ የሚወዱ ሰዎች ዱቄቱን ራሳቸው ለመሥራት ሞክረዋል። ካሻሮሎ ጫማ ሰፊ እንደ ነበረ እናስታውስና አንናቃቸው። የገጠማቸው ችግር ግን ብዙ ያስተምራል።

የመጀመሪያው የእሳት ጉዳይ ነው። በፋብሪካ የሚሠራበት መንገድ የስትሮንቲየምንና የአሉሚኒየምን ዱቄት ከጥቂት ቦሪክ አሲድ ጋር ቀላቅሎ እስከ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሰዓታት ማጋል ነው። ይህን ያህል ሙቀት የምድጃ ከሰል አይሰጥም፤ አንጥረኛ በወናፍ ቢያናፋውም ለሰዓታት አንድ ልክ ይዞ ማቈየት አይሆንለትም። ስለዚህ ሞካሪዎቹ ሌላ መንገድ ይዘዋል። የብረቶቹን ናይትሬት ከዩሪያ ጋር፣ ማለት ገበሬዎቻችን በማዳበሪያነት ከሚያውቁት ዩሪያ ጋር፣ ቀላቅለው 500 ወይም 600 ዲግሪ በደረሰ ምድጃ ሲያስገቡት ውሕዱ በራሱ ይቀጣጠልና ለቅጽበት እጅግ ከፍ ያለ ሙቀት ይሰጣል። ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል። ነገር ግን ነበልባሉና የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ጢሱን የሚስብ መሣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ የሚያስደፍር አይደለም።

ሁለተኛው የዩሮፒየም ጠባይ ነው። ዩሮፒየም ከሱቅ ሲገዛ ሦስት ኤሌክትሮን የጐደለው ሆኖ ይመጣል፤ አረንጓዴውን ብርሃን የሚሰጠው ግን ሁለት ብቻ የጐደለው ነው። ስለዚህ በማጋል ጊዜ ኦክስጅን የሚነጥቅ ነገር፣ ወይም ሃይድሮጅን ወይም ከሰል፣ በአጠገቡ ሊኖር ይገባል። ይህን ያላሟላ ሞካሪ ዱቄቱን በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሲያየው ቀይ ሆኖ ያበራለታል፤ መብራቱን ሲያጠፋ ግን ምንም አይቀርለትም። ቀዩ ቀለም ራሱ የጐደለውን ይነግረዋል።

ሦስተኛው ወፍጮ ነው። ያልተለመደ ሰው ዱቄቱ እንደ ጤፍ ዱቄት ቢልም የበለጠ የሚያምር ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። በተፈጨ ቍጥር ቅንጣቱ ይጐዳል፤ ብርሃኑም ይደክማል። ሻካራው ዱቄት ከላመው ይልቅ ያበራል።

አራተኛው ውሃ ነው። ስትሮንቲየም አሉሚኔት ውሃ ሲነካው ቀስ በቀስ ይፈርሳል። በዚህ ምክንያት በፕላስቲክ ወይም ውሃ በማያስገባ ቫርኒሽ ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጣል እንጂ በውሃ ቀለም አይበጠበጥም።

ከነዚህ ከአራቱ አንዱን ሳይመዘግብ የሞከረ ሰው፣ ዛሬ ቢሳካለት ነገ ለምን እንዳልተሳካለት አያውቅም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረታችን ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል። ሚዛን፣ ሰዓት፣ የሙቀት መለኪያና ደብተር የሌለው ሞካሪ ከካሻሮሎ ዘመን አንድ እርምጃ አልራቀም።

ታዲያ ሊነበብበት ይችላልን?

ይህ የተማሪዎቼ ዋና ጥያቄ ነውና በቍጥር ልመልሰው። የአንድ ነገር ፊት ለዓይናችን የሚሰጠው ድምቀት በካንዴላ በካሬ ሜትር ይለካል፤ የካንዴላ ሺህኛ ክፍል ሚሊካንዴላ ነው። በጥሩ የማንበቢያ መብራት ሥር የተዘረጋ ነጭ ወረቀት 75,000 ሚሊካንዴላ ያህል ድምቀት አለው። ያው ወረቀት በሙሉ ጨረቃ፣ ደጅ ላይ ሲዘረጋ 60 ያህል ብቻ ይኖረዋል። በመርከብ ውስጥ የመውጫውን መንገድ ለሚያሳዩት የሚያበሩ መስመሮች ደግሞ፣ ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዞ ድርጅት በ1993 ባወጣው መመሪያ መብራት ከጠፋ 10 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 15፣ ከ60 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 2 ሚሊካንዴላ በካሬ ሜትር ሊቀራቸው ይገባል ይላል።

እንግዲህ እናስላው። 75,000 ለ15 ሲካፈል 5,000 ይሆናል። ገና በ10ኛው ደቂቃ የመስመሩ ድምቀት ከመብራቱ ሥር ካለው ወረቀት በ5,000 እጥፍ ያንሳል ማለት ነው። ከመመሪያው 10 እጥፍ የበለጠ ግሩም ዱቄት ቢገኝ እንኳ ገና በ500 እጥፍ ያንሳል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም ከሙሉ ጨረቃ ወረቀት በታች ይወርዳል። በጨረቃ መጽሐፍ ለማንበብ የሞከረ ሰው ዓይኑ እንዴት እንደሚደክም ያውቃል።

ነጋዴ በሣጥኑ ላይ «12 ሰዓት ያበራል» ብሎ ሲጽፍም ቃሉን መረዳት ያስፈልጋል። ለዚህ ሥራ በተለመደው አለካክ ዱቄቱ በራ የሚባለው ድምቀቱ 0.3 ሚሊካንዴላ ያህል እስኪደርስ ነው፤ ይህም ጨለማ ውስጥ ቈይቶ የለመደ ዓይን የሚያየው መጠን ነው። ዕቃው ያለበትን ቦታ ለማየት ይበቃል፤ በዕቃው ብርሃን ሌላ ነገር ለማየት ግን አይበቃም። ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የሰዓቱ ቍጥር ረጅም የሆነው የዓይናችን ትዕግሥት ረጅም ስለ ሆነ ጭምር ነው።

ስለዚህ ለሚያጠና ተማሪ የምመክረው የፀሐይ ፋኖስ ነው። እርሱም የቀን ብርሃን ጎተራ ነው፤ ጎተራው ግን ባትሪ ስለ ሆነ ሌሊት የሚመልሰው ለንባብ ይበቃል። የሚያበራው ዱቄት ሥራ ሌላ ነው፤ ፋኖሱ የተቀመጠበትን ቦታ ማሳየት፣ የበሩን መቀርቀሪያ፣ የደረጃውን ጠርዝ፣ የሌሊት መድኃኒት የሚወስድ በሽተኛ የመድኃኒቱን ብልቃጥ እንዲያገኝ ማመልከት ነው። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ስማቸው የሚያሳስት ሦስት ብርሃኖች

ይህን ዓምድ እንድጽፍ ከሁሉ ይልቅ ያስገደደኝ የሚከተለው ነው። በጨለማ የሚያበራ ነገር ሁሉ አንድ ይመስላል፤ አንድ ግን አይደለም። አንዱ ጎተራ ነው፤ ይህን አይተናል። ሁለተኛው እየነደደ የሚያበራ ነው፤ ሦስተኛው እየፈረሰ የሚያበራ ነው። ሁለቱ ሰው ገድለዋል።

እየነደደ የሚያበራው ነጭ ፎስፎረስ ነው። ሄኒሽ ብራንት የተባለ የሐምቡርግ ሰው በ1669 ወርቅ ፍለጋ የሰው ሽንት ሲያተን አገኘው። የሚያበራው በአየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ቀስ ብሎ ስለሚቃጠል ነው። በኋላ ለክብሪት ዋለና የክብሪት ፋብሪካ ሠራተኞች የመንጋጋ አጥንት ይበሰብስ ጀመር። በዚህ ምክንያት በ1906 በበርን ከተማ በተፈረመ ውል ነጭ ፎስፎረስ ለክብሪት እንዳይገባ ተከለከለ። ፎስፎረሰንስ የሚለው ቃል ከስሙ ጋር ቢመሳሰልም፣ በፕላስቲኩ ኮከብ ውስጥ ያለው ዱቄት ግን ነጭ ፎስፎረስ አይደለም። እንዲሁም ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ፎስፎረስ አለበት ተብሎ ሌሊት ሊያበራ አይችልም፤ በውስጡ ያለው ፎስፎረስ አስቀድሞ ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዷልና።

እየፈረሰ የሚያበራው የራዲየም ቀለም ነው። ማሪና ፒየር ኩሪ ራዲየምን በ1898 አገኙ። ከዚያ በኋላ ዚንክ ሰልፋይድ ከጥቂት ራዲየም ጋር ቢቀላቀል ብርሃን ሳይቀበል ሌሊቱን ሁሉ እንደሚያበራ ታወቀ። በአሜሪካ አገር፣ በኒው ጀርዚ ግዛት፣ ኦሬንጅ በተባለች ከተማ ከ1917 ጀምሮ ወጣት ሴቶች የሰዓት ገጽ በዚህ ቀለም ይቀቡ ነበር። ብሩሹ እንዲሾል በከንፈራቸው እንዲያሾሉት ይታዘዙ ነበር፤ በያንዳንዱ ጊዜ ጥቂት ራዲየም ይውጡ ነበር። ራዲየም በአጥንት ውስጥ እንደ ካልሲየም ይቀመጣል። ጥርሳቸው ረገፈ፣ መንጋጋቸው ፈረሰ፣ አያሌዎች ሞቱ። ግሬስ ፍራየር የተባለችው ሠራተኛ ከአራት ባልደረቦቿ ጋር ኩባንያውን ከሰሰች፤ ነገሩም በ1928 በካሣ ተፈጸመ። ከዚህ ነገር በኋላ ሠራተኛን ከጨረር የሚጠብቅ ደንብ እየጠነከረ መጣ።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። ከአያቶቻችን የቀረ አሮጌ ሰዓት በሣጥን ውስጥ ያለበት ቤት ይኖራል። የራዲየም ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው፤ ዚንክ ሰልፋይዱ ግን በራዲየሙ ጨረር እየተደበደበ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ይሞታል። ስለዚህ በ1940ዎቹ የተሠራ ሰዓት ዛሬ በጨለማ ባያበራ መርዙ አልቋል ማለት አይደለም። ብርሃኑ ሞቷል፤ ራዲየሙ ግን አለ። ተማሪዎች ሆይ፣ የአሮጌ ሰዓት መስተዋት ከፍታችሁ ከቍጥሩ ላይ ቢጫውን ወይም ቡናማውን ቅባት አትፋቁ። ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ የሚያወጣው የለም።

የእንቁላል ቅርፊቱንና ድኙን ጉዳይ ደግሞ በአንድ ቃል እቋጨዋለሁ። ድኝ ሲነድ የሚወጣው ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል፤ የተገኘው ሰልፋይድም እርጥበት ወይም አሲድ ሲነካው የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት፣ ሲበዛ የሚገድል ጋዝ ያወጣል። የባሪየሙ ከሆነ ደግሞ ቢዋጥ ራሱ መርዝ ነው። ይህ ሥራ በእናት ማድ ቤት፣ ሕፃናት በሚተኙበት ጐጆ የሚሠራ አይደለም። ጢሱን የሚስብ መሣሪያና የሚቈጣጠር መምህር ባለበት ላቦራቶሪ እንጂ።

ያለ እሳት የሚሠራ ሙከራ

ይህን ሁሉ ከልክዬ ባዶ እጃችሁን አልሰዳችሁም። ከሱቅ የተገዛ አንድ የሚያበራ ተለጣፊ፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ካላችሁ፣ ዱቄቱን በማንደድ ከምታገኙት የበለጠ ዕውቀት የሚሰጡ ሦስት ሙከራዎች አሉ።

የመጀመሪያው የቀለም ነው። ተለጣፊውን ሦስት ቦታ ቈርጣችሁ አንድ ቀንና ሌሊት በጨለማ አቈዩት። ከዚያ አንዱን በድርብ ቀይ ፕላስቲክ፣ አንዱን በሰማያዊ ሸፍናችሁ፣ አንዱን ሳትሸፍኑ፣ ሦስቱንም ለአንድ ደቂቃ ብርሃን አሳዩአቸው። በጨለማ ስታዩአቸው በቀዩ ሥር የነበረው እጅግ ደክሞ ወይም ጭራሽ ሳያበራ ታገኙታላችሁ። የቀይ ብርሃን እያንዳንዱ ቅንጣት ኤሌክትሮኑን ለማንሣት ጉልበት ስለሚያንሰው ነው። ቀዩን መብራት ብታበዙት እንኳ አይለወጥም።

ሁለተኛው የሙቀት ነው። ሁለት ቍራጭ በአንድነት ብርሃን አሳይታችሁ ውሃ እንዳይነካቸው በፌስታል አሥሩና፣ አንዱን በቀዝቃዛ፣ አንዱን ለእጅ በሚሞቅ ውሃ ውስጥ ክተቱ። በሙቁ ውሃ ያለው ወዲያው ደምቆ ይወጣል፤ ነገር ግን ቀድሞ ይጠፋል። በቀዝቃዛው ያለው ደክሞ ይታያል፤ ነገር ግን ይቈያል። ከወጥመዱ የሚያወጣው ሙቀት ነው ብለን ነበርና እነሆ በዓይናችሁ አያችሁት።

ሦስተኛው የጊዜ ነው። አንዱ ተማሪ 20 ደቂቃ በጨለማ ይቀመጥ፤ ዓይኑ ይልመድ። ሌላው በሌላ ክፍል ተለጣፊውን ለ10 ደቂቃ መብራት አሳይቶ፣ በጨርቅ ሸፍኖ ያምጣለት። ስልክ ያለው ካሜራውን በአንድ ልክ አቁሞ በ5ኛው፣ በ10ኛው፣ በ20ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ደቂቃ ፎቶግራፍ ያንሣ። ጊዜው እጥፍ በሆነ ቍጥር ድምቀቱ በግምት ወደ ግማሽ ሲወርድ ታያላችሁ። መጀመሪያ ፈጥኖ ይወርዳል፤ በኋላ ግን ለመጥፋት እጅግ ይዘገያል። የቀሩት ኤሌክትሮኖች በጠለቀው ወጥመድ ያሉት ናቸውና።

በዚህ ላይ አገራችን የሰጠችን ዕድል አለ። ሳንጃ ቆላ ናት፤ ሌሊቷም ሞቃት ነው። ደባርቅ ደጋ ናት፤ ሌሊቷ ያንዘፈዝፋል። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ከአንድ ቀን የመኪና ጉዞ አይበልጥም። ከአንድ ተለጣፊ የተቈረጡ ሁለት ቍራጮች፣ በአንድ ዓይነት መብራት እኩል ደቂቃ ብርሃን ካዩ በኋላ፣ አንዱ ሳንጃ ሌላው ደባርቅ በደጅ ቢቀመጥ፣ የሳንጃው ደምቆ ይጀምርና ቀድሞ ይደክማል፤ የደባርቁ ደብዝዞ ይጀምርና ይዘገያል ብለን እንጠብቃለን። በስንት ደቂቃ እንደሚለያዩ ግን መለካት አለበት። በሁለቱ ከተማ ያላችሁ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቀኑን ተቃጠሩ፤ የአየሩን ሙቀት በዲግሪ፣ ዓይናችሁ ብርሃኑን ያጣበትን ሰዓት በደቂቃ ጻፉና ሁለቱን ሠንጠረዥ ጐን ለጐን አስቀምጧቸው።